ክላስትሮፎቢያ ምንድን ነው? በኤምአርአይ ምርመራ ጊዜስ እንዴት ይረግባል?

ክላስትሮፎቢያ ሰው በጠባብ ወይም በተዘጋ ቦታ ውስጥ ሲሆን የሚያድርበት ብርቱ ፍርሃት ነው። ቦታው እንደማይጎዳው ቢያውቅም እንኳ፣ አየር አጥሮኝ እታፈናለሁ፣ ልውጣ ብልም መውጫ አጣለሁ የሚሉ ሁለት ስጋቶች ያስጨንቁታል። የሰውነትን የውስጥ ክፍል በማግኔት ኃይል በምስል በሚያሳየው በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሁለቱም አብረው ይነሣሉ፤ ታካሚው የሚገባበት ክፍተት ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ምስሉ እንዳይበላሽ እንደ ምርመራው ዓይነት ለ20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ሳይነቃነቅ መተኛት ይጠበቅበታል።

ለገጣፎ የሚኖሩት አክስቴ የወገብ ምርመራ ታዞላቸው በሄዱበት ቀን፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «አውጡኝ» ብለው ወጡ። ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ይህንን ቀላል ጉድለት ነው ብዬ አላልፈውም።

ፍርሃቱ የሚባባሰው በአተነፋፈስ ነው። የደነገጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ በዚህም የተነሣ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ ደረቱም ይጨነቃል፤ እርሱ ግን አየር ያለቀበት ይመስለዋል። መሣሪያው ግን በሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው። ስለዚህ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር መሳብና እስከ ስድስት እየቆጠሩ በዝግታ ማስወጣት ይረዳል፤ ይህም ከምርመራው ቀናት አስቀድሞ ሲለማመዱት ነው የሚሠራው።

ከሁሉ ይልቅ የማምንበት ዘዴ ግን ቀስ በቀስ መልመድ ነው። የዘዴው መነሻ ደቡብ አፍሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ሥራ በሰፊው ያስተዋወቀው ሕክምና ነው። አክስቴ የመሣሪያውን ድምፅ በስልክ ከፍተን፣ ጨርቁ እስከ ወለል በወረደ የምግብ ጠረጴዛ ሥር በጀርባቸው ይተኙ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ደቂቃ፣ በሳምንቱ መጨረሻ 20 ደቂቃ ቆዩ። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ፍርሃቱ ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት አለመውጣት ነው፤ በዚያ ሰዓት የወጣ ሰው አካሉ «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራልና። ጥቂት ከታገሡት ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል።

ዓይንንም መሸፈን የሚገባው ከመግባት በፊት ነው፤ ጠባቡን ጣሪያ አንዴ ካዩት ከሐሳብ አይጠፋም። ሐሳብን በሌላ ነገር መያዝ ሲባልም «ደስ የሚል ነገር አስቢ» ማለት አይበቃም፤ ተራ በተራ የሚሄድ፣ እጅ የሚያውቀው ሥራ ያስፈልጋል። አክስቴ የመረጡት ቡና ማፍላት ነው፦ ቡናውን ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ። ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ መዶሻ ያስደነገጣቸውን የመሣሪያውን ድምፅም የሙቀጫ ድምፅ አደረጉት።

ታካሚው በእጁ የሚይዘው የመጥሪያ ኳስም ከፍርሃቱ ሥር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲጨምቀው ባለሙያው እንደሚሰማው ከመግባቱ በፊት ሞክሮ ካረጋገጠ፣ መውጫው በእጁ እንዳለ ያውቃል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው አብሮ መሄድ አለበት።

አክስቴ በሁለተኛው ቀጠሮ ምርመራውን ጨረሱ። ድምፁ ቆሞ አልጋው ወደ ውጭ ሲንሸራተት፣ በሐሳባቸው አቦሉንና ቶናውን ቀድተው፣ በረካው ገና ጀበናው ውስጥ ነበር።