የአገር መልክ ያለው የውጭ ዕቃ፦ ከአቡጀዲ እስከ ታተመ ጥለት

ሽሮ ሜዳ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የአገር ልብስ ገበያ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን የኖሩበትና የሠሩበት ሰፈርም ነው። ዛሬ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ከሸማኔው ሥራ ጎን፣ በቻይና ፋብሪካ የተመረተ «የሀበሻ ልብስ» ተሰቅሎ ይሸጣል። ጥለቱ አለ፣ መስቀሉ አለ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩም አለ። ሸማኔው ግን የለበትም።

ነገሩ በልብስ አያበቃም። የባንዲራ ቀለም ያለው ኮፍያ፣ አምባርና የአንገት ልብስ በበዓላት ሰሞን መንገድ ዳር ይፈሳል፤ ብዙው ከውጭ የመጣ ነው። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ እንኳ ስሙ የመጣው «የቻይና» ከሚል የዓረብኛ ቃል ነው። ሲኒ ግን ማንንም አላታለለም። ከሩቅ አገር መምጣቱን ስሙ ላይ ይዞት ዞረ።

አቡጀዲም እንደዚያው ነበር። ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በብዛት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ይገባ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ አገሩ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ዕቃ ዋናው ይኸው ጨርቅ ነበር። ኋላ ላይ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ የጃፓን ጨርቅ በርካሽ ዋጋ መጥቶ ገበያውን ወሰደው። ይሁንና አቡጀዲ የተሸጠው አቡጀዲ ተብሎ ነው። ሸማ ነኝ አላለም። የዛሬው ጨርቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሸማኔውን ገበያ ብቻ ሳይሆን የሥራውን መልክም ይወስዳል።

ሌሎች አገሮችም ይህን ጣጣ ያውቁታል። እንግሊዝ በ1887 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ የእንግሊዝ መስለው የሚገቡ የውጭ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር እንዲጻፍባቸው አስገደደች። ዋናው ሥጋት የጀርመን ዕቃ ነበር። ያ ጽሑፍ ግን ውሎ አድሮ ለጀርመኖች የጥራት ምልክት ሆነላቸው። ሕንዶች በ1905 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የቤንጋልን ግዛት ለሁለት ሲከፍሏት የእንግሊዝን ጨርቅ ትተው የአገራቸውን እንልበስ ብለው ተነሡ። እንቅስቃሴው ስዋዴሺ ይባላል፤ ከነፃነት ትግላቸው ምሰሶዎች አንዱ ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ አንድ ዕቃ ያለ ቅድመ ሁኔታ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ለመባል ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል እዚያው የተሠራ መሆን አለበት። ይህን የሚያስፈጽመው ደንብ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገንዘብ ቅጣትም አለው።

ወደ እኛ እንመለስ። መንግሥት «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚለውን ንቅናቄ በ2014 ዓ.ም. ጀመረ። በጥቅምት 2015 ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ ታገደ። እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ከምንዛሪ ማሻሻያው ጋር ነው። እገዳ ግን ለሸማኔው ገዢ አያመጣለትም። ገዢ የሚመጣው ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ሲበዛ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። መርካቶ አካባቢ እዚሁ የተሰፋ ጥሩ የቆዳ ጫማ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ሲሸጥ ኖሯል። የእኛው ሰው ጎበዝ ሥራ ሠርቶ ስሙን ለባዕድ ሲሰጥ ማየት ያንገበግባል። ጫማ ሠሪውን አልወቅስም። ገዢው «የአገር ውስጥ ነው» ሲባል ፊቱን ካዞረ ምን ያድርግ?

የቻይናውን ልብስ የምትገዛውንም እናት አልወቅስም። ለሦስት ልጆች የበዓል ልብስ ስትገዛ የእጅ ሥራ ከአቅም በላይ ይሆናል። የሚያስቆጣው ሌላ ነው፤ የፋብሪካውን ጨርቅ «የእጅ ነው እህቴ፣ የሽሮ ሜዳ ነው» ብሎ በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጥ። በዚህ በብዛት የሚጎዳው ውጭ አገር ሆኖ ልብሱን በፎቶ አይቶ የሚያዝዘው ነው። ፎቶ የጨርቁን ጀርባ አያሳይም።

ጉዳዩ ደግሞ ነጭና ጥቁር አይደለም። የእጅ ሸማ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው፤ እናቶች ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ያቀርቡታል። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክርም ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያመላለሰ ጥለቱን የሚያወጣው ሸማኔው ነው። የአገር ልብስ የሚያሰኘውም ይህ ነው።

እንዴት ይለያል? መጀመሪያ ጥለቱን ገልብጡት። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው፤ የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል። ቀጥሎ ነጩን ጨርቅ ወደ ብርሃን አንሡት። በእጅ የተፈተለ ማግ አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ሳሳ ይላል። የፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ከዘርፉ አንዲት ክር ለምኑና በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይጠቀለልና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይቀራል።