የጀርመን 6ኛ ጦር፦ የሚነገረውና የሆነው

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአማርኛ ሲተረክ የጀርመን 6ኛ ጦር ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ መልክ ይዞ ይቀርባል፦ ገናና ጦር እስከ ሶቪየቷ ከተማ ስታሊንግራድ ድረስ ገሰገሰ፤ በረዶ ወረደ፤ ሂትለር ማፈግፈግን ከለከለ፤ ምስኪኑ ወታደር በረሃብና በብርድ አለቀ። ትረካው ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ ግማሹ ጎደሎ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የተሸነፉ ጄኔራሎች ከጦርነቱ በኋላ ስማቸውን ለማንጻት የፈተሉት ነው። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስሕተቶች እነሆ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«6ኛው ጦር ማለት ስታሊንግራድ ነው»

ጦሩ ስታሊንግራድ ሲደርስ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ዘመቻ ከኋላው ነበረው። በ1939 ፖላንድን የወረረው 10ኛው ጦር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስሙ ተለውጦ 6ኛ ተባለ፤ አዛዡም እንደ ቀድሞው ቫልተር ፎን ራይኸናው ነበር። በሜይ 1940 ቤልጂየምን አቋርጦ የቤልጂየምን ሠራዊት እጅ አሰጠ፤ ቀጥሎም ፈረንሳይ ገባ። ከጁን 1941 ጀምሮ ደግሞ ከደቡቡ የጦር ክንፍ ጋር ሆኖ ዩክሬንን ይዞ ዘለቀ። ሰዎች የሚዘሉት ይህን የዩክሬን ዘመን ነው፤ የሚዘሉበትም ምክንያት አለ።

«ወታደሩ ተዋጊ ብቻ ነበር፤ ጭፍጨፋው የኤስኤስ ሥራ ነው»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው። ኤስኤስ ከመደበኛው ሠራዊት የተለየ፣ የናዚ ፓርቲ የራሱ ታጣቂ ኃይል ነበር። ከኪየቭ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ቢላ ጼርክቫ የተባለች ከተማ እንውሰድ። በኦገስት 1941 የከተማዋ አይሁዳውያን ተረሽነው ሲያበቁ ወደ 90 የሚጠጉ ልጆቻቸው አንድ ቤት ውስጥ ታጉረው ቀሩ። ገና የሚጠቡ ሕፃናት ነበሩባቸው፤ ትልልቆቹም ከሰባት ዓመት አይዘሉም። ምግብም ውኃም የሚሰጣቸው አልነበረም። አጠገባቸው የሰፈሩ ወታደሮች ሌሊቱን ሙሉ ለቅሷቸውን ሲሰሙ አድረው ለሠራዊቱ ቄሶች ነገሩ። ቄሶቹ ሄደው ካዩ በኋላ ጉዳዩ የ295ኛ ክፍለ ጦር መኮንን ለነበረው ለሌተና ኮሎኔል ሄልሙት ግሮስኩርት ደረሰ።

ግሮስኩርት ግድያውን ለጊዜው አስቆመና የበላይ ውሳኔ ጠየቀ። ጥያቄው የቀረበው ለኤስኤስ ሳይሆን ለ6ኛው ጦር ጠቅላይ መምሪያ ነበር። ራይኸናው የተጀመረው ይፈጸም ሲል ወሰነ፤ ልጆቹም ኦገስት 22 ቀን ተገደሉ። ግሮስኩርት የጻፈው ዘገባ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ራይኸናው ዘገባውን ካነበበ በኋላ የተቆጣው በገዳዮቹ ላይ አይደለም፤ በጻፈው መኮንን ላይ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ኪየቭ ተያዘች። በሴፕቴምበር 29 እና 30 በባቢ ያር ሸለቆ 33,771 አይሁዳውያን ተረሸኑ፤ ቁጥሩ ገዳዮቹ ራሳቸው ለአለቆቻቸው ያቀረቡት ነው። ጥይቱን የተኮሱት በኤስኤሱ መኮንን በፓውል ብሎበል የሚመሩ ሰዎችና ፖሊሶች ናቸው። ታዲያ «የከተማው አይሁድ ሁሉ ተሰብሰቡ» የሚለውን ማስታወቂያ ማን አተመው? የ6ኛው ጦር የፕሮፓጋንዳ ክፍል፣ ወደ 2,000 በሚጠጋ ቅጂ። የሸለቆውን አፋፍ በፈንጂ ንደው በሬሳው ላይ አፈር ያለበሱትም የሠራዊቱ መሐንዲሶች ናቸው።

ራይኸናው ይህን በጽሑፍም አጽንቶታል። ኦክቶበር 10 ቀን 1941 ባወጣው ትእዛዝ ወታደሩ በአይሁዳውያን ላይ የሚወሰደው «ጽኑ ነገር ግን ፍትሐዊ» ቅጣት አስፈላጊ መሆኑን እንዲረዳ ጠይቋል፤ ለአገሬው ሰውና ለምርኮኛ ምግብ ማካፈልንም ቦታውን የሳተ ርኅራኄ ሲል ኮንኗል። ሂትለር ትእዛዙን ወደደውና ለሌሎች ጦሮችም እንዲሠራጭ ተደረገ። እያንዳንዱ ወታደር ገዳይ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የልጆቹን ለቅሶ ሰምተው አቤት ያሉትም ወታደሮች ነበሩ። የጦሩ አመራር ግን የሚሆነውን ያውቅ ነበር፤ ፈቅዷል፣ ረድቷልም።

«ፎን ፓውሉስ»

«ፎን» የመኳንንት ምልክት ነው። በስታሊንግራድ የጦሩ አዛዥ የነበረው ፍሪድሪክ ፓውሉስ ግን የአንድ ተራ የሒሳብ ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ ከመኳንንት ወገን የሆነችው ሮማኒያዊት ሚስቱ ናት። ጦሩን የተረከበው በጃንዋሪ 1942 ሲሆን፣ በዚያው ወር ራይኸናው በአንጎል ደም መፍሰስ ሞተ። ፓውሉስ ከዚያ በፊት በጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹሙ በሃልደር ሥር ሆኖ የሶቪየት ኅብረትን ወረራ ዕቅድ ካሰናዱት ዋነኞች አንዱ ነበር። ሳያውቅ የተላከ ምስኪን አድርገው የሚስሉት ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው።

«ሂትለር ከተማዋን የፈለገው ስሟ የስታሊን ስለሆነ ነው»

ስሟ ትርጉም ነበረው፤ በተለይ ውጊያው ከጋመ በኋላ። ይሁን እንጂ የ1942 ዘመቻ ዓላማ የካውካሰስ ነዳጅ ነበር። ስታሊንግራድን መያዝ ማለት በቮልጋ ወንዝ ወደ ሰሜን የሚጓዘውን ነዳጅ መቁረጥና ወደ ደቡብ የሚዘልቀውን ጦር ጎን መጠበቅ ነበር። ታንክ የሚያመርተው ትልቁ የትራክተር ፋብሪካም እዚያው ነው።

«ያሸነፋቸው ብርዱ ነው»

ብርዱ ለሶቪየቱ ቀይ ጦርም ያው ብርድ ነው። 6ኛው ጦር የተከበበው ከሴፕቴምበር ጀምሮ በምስጢር በተሰናዳ ዕቅድ ነው። የሶቪየት ጄኔራሎቹ ዡኮቭና ቫሲሌቭስኪ በከተማዋ ውስጥ የሚፋለመውን የጀርመን ጦር ፊት ለፊት መግፋትን ትተው፣ በግራና በቀኝ የጀርመን አጋር የሆኑት የሮማኒያ ጦሮች የሚጠብቁትን ሳሳ ያለ መስመር መረጡ። ጥቃቱ ኖቬምበር 19 ቀን ከሰሜን፣ በማግስቱ ከደቡብ ተከፈተ፤ ኖቬምበር 23 ላይ ሁለቱ ክንፎች በካላች ከተማ አቅራቢያ ተገናኙ።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በሮማኒያውያን ላይ መጫን የተለመደ ነው። በጦርነቱ ዘመን ጀርመኖች ራሳቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሮማኒያ 3ኛ ጦር ግን ከአቅሙ በላይ የሆነ ረጅም መስመር ተሰጥቶት፣ የሶቪየትን ታንክ የማይበሳ ትንሽ ፀረ ታንክ መድፍ ይዞ ነው የቆመው። አዛዡ ጄኔራል ዱሚትሬስኩ ሶቪየቶች ከዶን ወንዝ ወዲህ የያዙት መሸጋገሪያ እንዲጸዳለት አስቀድሞ አሳስቦ ነበር፤ የሰማው የለም። ከኋላ ሆኖ እንዲረዳው የተመደበው የጀርመን 22ኛ የታንክ ክፍለ ጦርም በሰዓቱ ብዙ ታንኮቹን ማስነሳት አልቻለም። ታንኮቹ ከብርድ እንዲጠበቁ ጭድ ተጎዝጉዞላቸው ነበር፤ ጭዱ ውስጥ የገቡ አይጦች የኤሌክትሪክ ሽቦውን በልተውታል።

በዚያው በዶን መስመር ራቅ ብሎ የጣሊያን 8ኛ ጦር ነበር። አዛዡ ኢታሎ ጋሪቦልዲ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1935 እና 36 ኢትዮጵያ ስትወረር የ«ሳባውዳ» ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። በዲሴምበር 1942 የእርሱም መስመር ተሰበረ።

ብርዱ የፈጀው ከከበባው በኋላ ነው፤ ለዚያም ጦሩ ራሱ መንገድ ጠርጓል። መድፍና ስንቅ የሚጎትቱ ፈረሶቹ አብዛኞቹ መኖ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተልከው ነበር። ዓለም በታንኩ የሚያውቀው ጦር ከበባው ሲዘጋ መድፉን የሚጎትትለት ፈረስ አጥቶ ተገኘ።

«ጎሪንግ ባይዋሽ ኖሮ...»

የጀርመን አየር ኃይል ዋና አዛዥ ጎሪንግ የተከበበውን ጦር በአየር እቀልባለሁ ሲል የማይችለውን ቃል ገብቷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ወረቀት ላይ መሥራት የሚችል ሁሉ ሐሰትነቱን ማየት ይችል ነበር። ለተከበበው ጦር በቀን ቢያንስ 500 ቶን ያስፈልግ ነበር። አንድ ዩ-52 አውሮፕላን የሚጭነው ሁለት ቶን ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ 250 አውሮፕላን ሊያርፍ ይገባል ማለት ነው፤ ያውም በጭጋግ፣ ቀኑ አጭር በሆነበት ክረምት፣ በጠላት ተኩስ ሥር። በግንባሩ የነበረው የአየር ኃይል አዛዥ ሪችቶፈን አይሆንም ብሎ ተከራክሯል። ከዚያ ቀደም በሌላ የሩሲያ ግንባር በዴምያንስክ ተከበው በአየር የተቀለቡት 100,000 ያህል ነበሩ፤ እዚህ ከሩብ ሚሊዮን ሳይበልጡ አይቀሩም። ከእነርሱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ለጀርመን ያደሩ የሶቪየት ዜጎች ናቸው።

በአማካይ የደረሰው በቀን ከ100 ቶን ጥቂት ቢዘል ነው። የአንድ ወታደር የቀን ዳቦ ከ200 ግራም በታች ወረደ፤ የቀሩት ፈረሶች ታረዱ። ዋናው የአውሮፕላን ማረፊያ ፒቶምኒክ ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 ሲያዝ ነገሩ አበቃ።

«ፓውሉስ ወኔ ቢኖረው ሰብሮ ይወጣ ነበር»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ይህን ክስ በብዛት ያራገበው ፊልድ ማርሻል ማንሽታይን ነው። ከበባውን ለመስበር በዲሴምበር 12 የተጀመረውን ዘመቻ የመራ እርሱ ነበር፤ በእርሱ ሥር የነበረው የጄኔራል ሆት ታንኮችም ከከበባው 50 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀራቸው ገፍተዋል። በትዝታው ፓውሉስን ወላዋይ ያደርገዋል። ነገር ግን «ውጣ» የሚለውን የምስጢር ቃል ለፓውሉስ መስጠት የማንሽታይን ፈንታ ነበር፤ አልሰጠም። የፓውሉስ ታንኮች ደግሞ የነበራቸው ነዳጅ ለ30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚበቃ ነው። ለመውጣት ተስፋ የነበረው በከበባው የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ያኔ ፓውሉስ ፈቃድ ጠይቆ ሂትለር ከልክሎታል። እዚህ ላይ ፓውሉስን የምወቅሰው ትእዛዝ በመጠበቁ ነው፤ ወጥቶ ይተርፍ ነበር የሚለውን ግን አልቀበለውም።

«እስከ መጨረሻው ሰው ተዋግተው ሞቱ»

ይህን ያለው የጀርመን ሬዲዮ ነው፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1943፣ በቤትሆቨን ሙዚቃ አጅቦ። በዚያች ሰዓት 91,000 ያህል ሰዎች በሕይወት ተማርከው ነበር። ሂትለር ፓውሉስን በጃንዋሪ 30 ፊልድ ማርሻል ያደረገው ራሱን እንዲያጠፋ አስቦ ነው፤ እርሱ ግን በማግስቱ ከአንድ ሱቅ ምድር ቤት ወጥቶ ተማረከ። በሰሜኑ የከተማ ክፍል የቀሩት ፌብሩዋሪ 2 እጃቸውን ሰጡ።

ከተማረኩት ወደ አገራቸው የተመለሱት ከ5,000 እስከ 6,000 ቢሆኑ ነው። «ሳይቤሪያ በላቻቸው» ይባላል፤ አብዛኞቹ ግን የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ብዙዎቹም እዚያው አቅራቢያ ነው። ቀድሞውኑ በረሃብ አልቀው የገቡ ናቸው፤ ተስቦ ጨመረባቸው፤ ማራኪዎቻቸውም ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መጠለያና ምግብ አላሰናዱም ነበር። ፓውሉስ ከእነርሱ ተለይቶ በደኅና ተይዟል። በ1946 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ቀርቦ ያቀደውን ወረራ መሰከረ፤ በ1957 ድሬስደን ውስጥ ሞተ።

«6ኛው ጦር በዚያ አከተመ»

ሂትለር ስሙ እንዲጠፋ አልፈለገም። በማርች 1943 ሌሎች ክፍሎች ተሰባስበው አዲስ 6ኛ ጦር ተባሉ። ይህም ጦር በደቡብ ዩክሬን እየተዋጋ አፈገፈገ፤ በኦገስት 1944 ሮማኒያ ውስጥ፣ አሁንም በሮማኒያ ጦሮች በሚጠበቁ መስመሮች መካከል ሳለ ተከበበና ተደመሰሰ። ፍርስራሹ ተለቃቅሞ ሃንጋሪ ውስጥ ተዋጋ። በሜይ 1945 ኦስትሪያ ሲደርስ አዛዡ ጄኔራል ባልክ ጦሩን ወደ ምዕራብ አጣደፈው፤ እጁንም ለሶቪየቶች ሳይሆን ለአሜሪካኖች ሰጠ።