«ኪነ ጥበብ ለጤና» ምንድን ነው? እርሾ እንጂ ዱቄት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰው ደም ግፊት ስለካ የምውል ሰው ነኝ። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «እስክስታ ግፊትን እንደሚፈውስ በጥናት ተረጋገጠ፤ ክኒን ድሮ ቀረ» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ሦስተኛዬ ነው። አሁንስ በዛ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ ሪፖርት አውጥቷል። መዘመር፣ መጨፈር፣ መሳል፣ ትያትር ማየት በሽታን በመከላከልም ሕክምናን በማገዝም ድርሻ አላቸው ይላል። «ኪነ ጥበብ ለጤና» የሚባለው ይኼ ነው። ማገዝ! ክኒን ይተካል የሚል የለበትም።

እርሾን አስቡት። እርሾ ብቻውን ምጣድ ላይ አይሰፋም። እርሾው ኪነ ጥበቡ ነው፤ ዱቄቱ መድኃኒቱ፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ንጹሕ ውሃው ነው። ዱቄት ያለ እርሾ ቂጣ ይሆናል። ቂጣም ያጠግባል፣ አልዋሽም፤ እንጀራ ግን አይደለም። ደግሞ እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትለምናለች። ዘፈኑም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ ሰው የሚቀበላትን እናት ያየ ይገባዋል። ያቺ ሴት ሐዘኗ አልጠፋም፤ ብቻዋን ግን አልተሸከመችውም። ጤና ስንል ይኼም አለበት።

በተረፈ በጎጃሙ የቅኔ ትምህርት ቤት በዋሸራ ያለ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ቢያድርም እከኩ የሚድነው በሚቀባ መድኃኒት ነው።

ያ አስተያየት ሰጪ «31 በመቶ» የምትል ቁጥርም ይዟል። ቁጥሯ እውነት ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ6,700 የሚበልጡ እንግሊዛውያንን ለ14 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በየጥቂት ወሩ ሙዚየም፣ ትያትር ወይም ኮንሰርት የሚሄዱት፣ ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እስክስታ ግን የት አለ? ግፊትስ?

ደግሞ እስቲ ሰርግ ላይ ማን ነው መሐል ገብቶ ትከሻውን የሚሰብቀው? ጉልበቱን የሚያመው አይደለም። እሱ ጥግ ይዞ ያጨበጭባል፤ ከባሰበትም ቤቱ ይቀራል። ስለዚህ ጭፈራው ነው ጤና የሰጠው ወይስ ጤናው ነው ያስጨፈረው? አጥኚዎቹ ሀብትን፣ ሕመምንና ሌላውንም በስሌት ለመለየት ሞክረዋል። ያም ሆኖ ተከታትሎ ማየት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም።

እና አባባ፣ የልጅዎ ሰርግ ዕለት የግፊት ክኒንዎን እንደ ወትሮው ይውሰዱ። ከዚያ ይጨፍሩ። ጠላውና አረቄው ግን ግፊት ይጨምራል፤ እሱን እንደ ኪነ ጥበብ አይቁጠሩብኝ። ስፒከሩ ሥርም አይቀመጡ፤ ጆሮ ከተጎዳ አይመለስም።