የክሬዲት ካርድ ስርቆት፦ መረጃው እንዴት ይወጣል፣ እንዴትስ ይጠበቃል

የክሬዲት ካርድ ስርቆት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ከኪስ የተመነተፈ የገንዘብ ቦርሳ ነው። እንዲህ ያለውም አልጠፋም። ይሁንና ባለቺፕ ካርዶች በተስፋፉበት ሁሉ አብዛኛው ዝርፊያ የሚፈጸመው ካርዱ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው። ሌባው ፕላስቲኩን አይፈልገውም። የሚፈልገው ቁጥሩን፣ የማብቂያ ጊዜውን፣ ከጀርባ ያለውን ባለ 3 አሃዝ የደኅንነት ቁጥር፣ ከተሳካለትም ወደ ስልክ የሚላከውን ማረጋገጫ ኮድ ነው። የጥንቃቄው ሁሉ መነሻ አንድ ሐቅ ነው፦ የማይለዋወጥ መረጃ ይቀዳል፤ ለአንድ ክፍያ ብቻ የሚያገለግል መረጃ ግን ቢቀዳም ሁለተኛ አይሠራም።

በካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

አብዛኞቹ ካርዶች 16 አሃዝ አላቸው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ 15 ነው፤ የደኅንነት ቁጥሩም 4 አሃዝ ሆኖ ከፊት ይታተማል። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አሃዞች ካርዱን የሰጠውን ተቋም ይለያሉ። የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ በስሌት የሚወጣ ሲሆን ስሌቱን የቀመረው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን ነው፤ የፈጠራ መብቱ የተሰጠው በ1960 እ.ኤ.አ. ነበር። ዓላማው ሰው ቁጥር ሲጽፍ ቢሳሳት እንዲታወቅ ነበር፤ ሌባ ያስቆማል ተብሎ አልታሰበም። በመሆኑም አጭበርባሪዎች ስሌቱን የሚያሟሉ ቁጥሮችን በኮምፒውተር በብዛት እያወጡ የትኛው እንደሚሠራ በጥቃቅን ክፍያ ይፈትሻሉ። ካርዱን የትም ያልተጠቀመበት ሰው የሚዘረፍበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የሒሳብ መግለጫዎ ላይ የማያውቁት ሱቅ ስምና ከቁም ነገር የማይገባ ትንሽ ገንዘብ ካዩ አይለፉት፤ ሌባው በሩ መከፈቱን እየሞከረ ሊሆን ይችላል፣ ትልቁ ክፍያ ከኋላ ይመጣል።

ኤቲኤምና የክፍያ ማሽን

ከካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር የማግኔት መስመር የሚሠራው እንደ ካሴት ነው፤ የተቀዳበትን ለየትኛውም ማንበቢያ ያው አድርጎ ይደግማል። ሌቦች በኤቲኤም የካርድ ማስገቢያ ላይ መልኩን የሚመስል ሌላ አፍ የሚለጥፉት ለዚህ ነው። ይህ ግን ግማሹን ብቻ ይሰጣቸዋል። ፒን መስመሩ ላይ ስለማይጻፍ ለብቻው መሰረቅ አለበት፦ ወይ ከቁልፎቹ በላይ በተደበቀች ትንሽ ካሜራ፣ ወይ በትክክለኛው የቁጥር ሰሌዳ ላይ በተነጠፈ ሐሰተኛ ሰሌዳ።

ካርድ ከማስገባትዎ በፊት ማስገቢያውን በጣትዎ ይዘው ነቅነቅ ያድርጉት። የማሽኑ የራሱ ክፍል አይላወስም። የሙጫ ቅሪት፣ ከዙሪያው የተለየ ቀለም፣ ወይም ወደ ላይ ያበጠ የቁጥር ሰሌዳ ካዩ ሌላ ማሽን ይፈልጉ። ከሁሉም በላይ ፒን ሲያስገቡ በሌላኛው መዳፍዎ ከላይም ከጎንም ይሸፍኑ። የተለጠፈውን ነገር ባያዩት እንኳ፣ በካሜራ ለሚሰርቀው ሌባ ፒን የሌለው ቅጂ ብቻ ይቀርለታል።

ቺፕ ከመስመሩ የሚለየው ከውስጡ የማይወጣ ሚስጥራዊ ቁልፍ ስላለው ነው። በእያንዳንዱ ክፍያ በዚያ ቁልፍ አዲስ ኮድ ያሰላል፤ የትናንቱ ኮድ ለዛሬ አያገለግልም። ደረጃው ኢኤምቪ የሚባለው ከመሥራቾቹ ከዩሮፔይ፣ ከማስተርካርድና ከቪዛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተነስቶ ነው። ማሽን ውስጥ ገብቶ ከቺፑ ጋር የሚነጋገር እንደ ወረቀት የሳሳ መሣሪያም አለ፤ ነገር ግን ቁልፉን ማውጣት ስለማይችል ሌላ ቺፕ አይሠራበትም። ስለዚህ ሻጩ «ቺፑ አልሠራም፣ በመስመሩ እናሳልፈው» ካለዎት ሌላ የመክፈያ መንገድ ይምረጡ። ማስተርካርድ ከ2029 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ ካርዶቹ ላይ መስመሩን እንደማያደርግ፣ በ2033 ደግሞ ጨርሶ እንደሚያስቀር አስታውቋል።

ካርድ ጠጋ አድርጎ መክፈል ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ የሬድዮ ሞገድ የሚከለክል ቦርሳ የሚገዛም አለ። ፍርሃቱ ከአደጋው ይበልጣል። ግንኙነቱ በጥቂት ሴንቲ ሜትር የተወሰነ ነው፣ ኮዱም እንደ ቺፑ ለአንዴ ብቻ ነው፣ ከጀርባ ያሉት 3 አሃዞችም በሞገድ አይነበቡም። እውነተኛው ስጋት ካርዱ ከጠፋ እስኪታገድ ድረስ ያለ ፒን በሚፈቀደው መጠን መከፈሉ ነው። በስልክ ዋሌት፣ ማለትም ካርዱን ስልክ ላይ መዝግቦ በስልኩ በሚያስከፍል አፕ፣ መክፈል ከዚህም ይሻላል፤ ሻጩ የሚደርሰው የካርዱ ቁጥር ሳይሆን ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ተለዋጭ ቁጥር ነውና።

በኢንተርኔት ሲከፍሉ

በአድራሻው መስመር ላይ የምትታየው የቁልፍ ምልክት የምትናገረው መረጃው በመንገድ ላይ መመስጠሩን ብቻ ነው፤ ስለ ድረ ገጹ ባለቤት ታማኝነት ምንም አትልም። ትክክለኛ ድረ ገጽም ቢሆን ሊጠለፍ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ላይ የተሰወረ ኮድ ደንበኞች የሚጽፉትን የካርድ መረጃ እዚያው ሲጽፉት ይቀዳ ነበር። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ተዘረፉ ብሎ መውቀስም አይገባም።

ጥሩው መከላከያ ቢሰረቅ የማይጎዳ ቁጥር መስጠት ነው። ባንክዎ ቨርቹዋል ካርድ፣ ማለትም ፕላስቲክ የሌለው ቁጥር ብቻ የሆነ ካርድ፣ የሚሰጥ ከሆነ ለየሱቁ የተለየ ቁጥር ያውጡ፣ ጣሪያውንም በሚከፍሉት ልክ ይወስኑ። ለአንዴ ግዢ በመጡበት ሱቅ «ካርዴን አስቀምጥ» የሚለውን አይምረጡ። የካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት ደንብ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ነጋዴ የደኅንነት ቁጥሩን እንዳያስቀምጥ ይከለክላል፤ የካርዱን የፊትና የኋላ ፎቶ በኢሜይል ላኩልኝ የሚል ካለ እምቢ ይበሉ።

ኮዱ የማን ነው?

ማሽኑን ማታለል ሲከብድ አጭበርባሪው ወደ ሰው ዞሯል። ስልክ ይደወላል፤ ስክሪኑ ላይ የባንኩ ቁጥር ይታያል። ደዋዩ ስምዎን ጠርቶ የካርድዎን የመጨረሻ 4 አሃዞች ያነባል። «አሁን አጠራጣሪ ክፍያ እየተፈጸመ ነው፤ የምንሰርዝበት ኮድ ይላክልዎታል፣ ያንብቡልኝ» ይላል። ኮዱም በእርግጥ ከባንኩ ይመጣል።

እዚህ ላይ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። «ካርድዎን ወደ ስልክ ዋሌት ለመጨመር» ይላል፤ ወይም የሱቅ ስምና የገንዘብ መጠን ተጽፎበታል። ክፍያ ለመሰረዝ ተብሎ ለደዋይ የሚነበብ ኮድ የለም። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች በየደረሰኙ ላይ ስለሚታተሙ ምንም አያረጋግጡም፤ ስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥርም በሐሰት ተመሳስሎ ሊቀርብ ይችላል። ስልኩን ዘግተው ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ካርዱ አንዴ ሌባው ስልክ ውስጥ ከገባ፣ ያ ሁሉ የተለዋጭ ቁጥር ጥበቃ ለሌባው ያገለግላል።

ስልክዎ ያለ ምክንያት ኔትወርክ አልባ ከሆነም ቸል አይበሉ፤ የስልክ ቁጥርዎ ወደ ሌባው ሲም ተዛውሮ፣ ኮዱም ለእሱ እየደረሰ ሊሆን ይችላል። ባንኩ በአፕ ማጽደቅን ከፈቀደ ከአጭር መልእክት ይልቅ እሱን ይምረጡ።

ከተሰረቀ በኋላ

ፈጥኖ ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ለትንሹም ጭምር፣ ማሳወቂያ እንዲላክልዎ ያድርጉ። ያልፈጸሙት ክፍያ ሲመጣ መጀመሪያ ካርዱን በአፑ ይቆልፉ፣ ቀጥሎ ለባንኩ ይደውሉ። የባንኩን ስልክ ከካርዱ ውጪ ጽፎ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ካርዱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋልና። ክፍያዎቹን በቀን፣ በመጠንና በሱቅ ስም ዘርዝረው ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የቅሬታውን መለያ ቁጥርም ይያዙ። ገና በሂደት ላይ ላለ ክፍያ ቅሬታ የማይቀበሉ ባንኮች አሉ፤ ማገዱ ግን አይጠብቅም።

የባለቤቱ ኃላፊነት እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ለተፈጸመ የክሬዲት ካርድ ክፍያ የባለቤቱን ዕዳ በ50 ዶላር ይገድባል። በዴቢት ካርድ ግን 50 ዶላር የሚሆነው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቁ ነው፤ ሲዘገዩ ወደ 500 ያድጋል፣ መግለጫው ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚወሰደው ገደብ የለውም። በዴቢት የሚወጣው የራስዎ ገንዘብ ስለሆነም፣ በማያውቁት ቦታ በክሬዲት መክፈል ይመረጣል።

አዲስ ካርድ ሲሰጥዎ አሮጌውን በቺፑና በመስመሩ ላይ ቆርጠው ይጣሉት። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁ፦ ካርዱ በየትኞቹ ስልኮችና መሣሪያዎች ላይ ተመዝግቧል? ቁጥሩ ሲቀየር የዋሌት ተለዋጭ ቁጥሮች ከአዲሱ ካርድ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ፤ በየወሩ ክፍያ የሚቆርጡ ድርጅቶችም አዲሱን ቁጥር በራሱ የሚደርሳቸው አሠራር አለ። የማያውቁት መሣሪያ ካለ በስም ጠርተው ያሰርዙት።