ስለ ቀድሞዎቹ ዌልሶች ዓመት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ጥንቱ የዌልስ ሕዝብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ነጫጭ ቀሚሶቹና ስለ ፈረሱ ራስ ቅል ነው። በእኔ እይታ ግን ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው የሥራ ዓመታቸው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዌልሶች ከብት ተከትለው የሚንከራተቱ እንጂ ቋሚ ቤትና እርሻ አልነበራቸውም።»

ዓመቱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ በጋው ሜይ 1 በካላን ማይ ሲገባ፣ ክረምቱ ማለትም የብርዱ ወራት ኖቬምበር 1 በካላን ጋያቭ ይጀምራል። በተራራማው አገር በበጋ ከቤተሰቡ ከፊሉ ከብቱን ይዞ ሃቮድ ወደሚባለው የተራራ ቤት ወጥቶ ወተት እያለበ ቅቤና አይብ ሲያዘጋጅ ይከርማል፣ ብርዱ ሲመጣም ሄንድሬ ወደሚባለው የሸለቆው ዋና መኖሪያ ይመለሳል። ይህ በሁለት የታወቁ ቤቶች መካከል መመላለስ ነው እንጂ መንከራተት አይደለም። በ1188 አገሩን የዞረው ቄስ ጄራልድ ሕዝቡ በአብዛኛው በከብት ተዋጽኦና በአጃ እንደሚኖር፣ ለአጃውም በማርችና በኤፕሪል እንደሚያርስ ጽፏል፤ በእህሏ የታወቀችው የአንግልሲ ደሴት ደግሞ «ሞን፣ የዌልስ እናት» ትባል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን በነገሠው በሃወል ዳ ስም የሚጠራውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የብራና መጻሕፍት የደረሰን ሕግ ነው። የመሬት ክርክር ከፌብሩዋሪ 9 እስከ ሜይ 9 ለእርሻ፣ ከኦገስት 9 እስከ ኖቬምበር 9 ደግሞ ለአጨዳ ሲባል አይሰማም ነበር። ዳኛውም ባለጉዳዩም ማሳ ላይ ናቸውና!

«በ1752 የዘመን አቆጣጠሩ ሲለወጥ አሮጌው አዲስ ዓመት ጠፋ።»

በዚያ ዓመት ብሪታንያ የግሪጎርዮስን የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ስለተቀበለች የሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ሆኖም በፔምብሮክሺር የሚገኘው የጓይን ሸለቆ ነዋሪ እስከ ዛሬ «ሄን ጋላን» ማለትም አሮጌውን አዲስ ዓመት የሚያከብረው ጃንዋሪ 13 ሲሆን፣ ልጆችም ከቤት ቤት እየዞሩ በመዘመር ካሌኒግ የተባለውን ስጦታ ይቀበላሉ። የግሪጎርዮስን ማሻሻያ ሳይቀበል በራሱ አቆጣጠር ለሚኖር የኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም።

«ማሪ ሉይድ ከክርስትና በፊት የነበረ ሥርዓት ነው።»

ማሪ ሉይድ ነጭ ጨርቅ የለበሰ የፈረስ ራስ ቅል ነው። በገና ሰሞን ተሸካሚዎቹ ደጅ ቆመው ከቤቱ ባለቤቶች ጋር በግጥም ይከራከራሉ፣ ሲያሸንፉም ገብተው ይጋበዛሉ። ልማዱን የሚጠቅሰው የመጀመሪያው ጽሑፍ የ1800 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ጣዖት አምልኮ ዘመን የሚያደርሰው ማስረጃ ግን የለም።

«ረጅሙ ባርኔጣና የባለቅኔዎቹ ጉባኤ ከጥንት የመጡ ናቸው።»

ባርኔጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ሲሆን፣ የዌልስ ቋንቋና አልባሳት እንዲጠበቁ የምትሟገተው ሌዲ ላኖቨር በዚሁ ጉዳይ በ1834 በካርዲፍ በጽሑፍ ውድድር አሸንፋለች። ነጫጭ ቀሚስ የሚለበስበትን ጉባኤ ደግሞ ባለቅኔው ዮሎ ሞርጋኑግ በ1792 የመሠረተው ለንደን ውስጥ ነው። ጉባኤው የሚታይበት የግጥምና የሙዚቃ ውድድር ግን በእርግጥም ጥንታዊ ነው፤ የደቡብ ዌልስ ገዥ የነበረው ጌታ ሪስ በ1176 የገና በዓል በካርዲጋን አካሂዶታል።

«በክረምት ሥራ አልነበረም፤ ሹራብ መሥራትም የሴት ሙያ ነበር።»

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባላ ከተማ በሱፍ ካልሲ ንግዷ የታወቀች ነበረች። በረጃጅሞቹ ሌሊቶች ጎረቤታሞች መብራትና ማገዶ ለመቆጠብ በአንድ እሳት ዙሪያ ተሰብስበው ተረት እየሰሙ ካልሲ ይሠሩ ነበር። ቶማስ ፔናንት የተባለው ተጓዥ እንደጻፈው ደግሞ በበጋ ከከተማዋ አጠገብ ያለው ጉብታ ካልሲ በሚሠሩ ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ይሸፈን ነበር።