ልጆቻችን አሜሪካ ትምህርት ቤት ሲገቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ አስተምራለሁ። ዲቪ የደረሳቸው ወይም አሜሪካ ቤተሰብ የሚጠብቃቸው ወላጆች የልጅ መሸኛ ሊወስዱ ሲመጡ ይጠይቁኛል። «ቲቸር፣ እዚያ ልጄን እንዴት ያደርጉት ይሆን?» ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን አብዛኛው ከወሬ የመጣ ነው።

«እንግሊዝኛ ካልቻለ ክፍል ዝቅ ያደርጉታል»

በታችኛው ክፍል ልጅ በአብዛኛው የሚመደበው በዕድሜው ነው። ሃይስኩል ግን ሌላ ነው። እዚያ ለመመረቅ ክሬዲት፣ ማለትም ተማሪው ላለፈው ለእያንዳንዱ ትምህርት የሚያዝለት ነጥብ፣ ይቆጠራል። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት፣ ማህተም ያረፈበትን፣ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። እዚያ ሆኖ ማስላክ መከራ ነው።

«ወረቀት የሌለው ልጅ አይማርም»

ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ በመጣ ክርክር ላይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች ከነፃ የመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ሲል 5 ለ 4 ወስኗል። ለምዝገባ የሚፈለገው የአድራሻ፣ የዕድሜና የክትባት ማስረጃ ነው።

«ፎርሙ ላይ የቤታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብለን እንሙላ»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ሲመዘገቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ፎርም ይሰጣል። ልጃችን ከደካሞች ጋር እንዳይመደብ ብለው «እንግሊዝኛ» የሚሞሉ አሉ። በዚያች አንዲት ቃል ልጁ የሚገባውን እርዳታ ሊያጣ ይችላል። ፎርሙን አይተው ነው የእንግሊዝኛ ፈተና የሚሰጡት፤ በውጤቱም ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ይመደብለታል። ይህ ደግሞ ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት አይሆንም ተባለ። የአዳማ ልጅ ብዙ ጊዜ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይዞ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም ጻፉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ቶሎ እንዲለምድ ቤት ውስጥ አማርኛ እናቁም»

እባካችሁ አታቁሙ። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ችሎታውን ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል። ደግሞስ እናትና ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ምን ያህል ሊጫወቱ ነው? ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ እንዳሳየው፣ ልጅ የመጫወቻ እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት አካባቢ ይይዛል፤ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ የሚጠይቀው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ጥርት አድርጎ ስላወራ ብቻ እርዳታው ይቅርበት አትበሉ።

«የወላጅ ስብሰባ ላይ ልጁ ያስተረጉምልናል»

ልጅ ስለራሱ ውጤት አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ» ወይም «ኦሮምኛ» ብላችሁ ንገሩ።

የክትባት ካርዱን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። በእጅ ቦርሳ ይሁን።