ሉና፦ በተራራ ሆድ ውስጥ የከዋክብትን እሳት የሚለካው ቤተ ሙከራ

ሉና በመካከለኛው ኢጣሊያ፣ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር ባለው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሚካሄድ ጥናት ሲሆን፣ ሥራው በከዋክብት ውስጥ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡት የኑክሌር አጸግብሮቶች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚካሄዱ መለካት ነው። ቤተ ሙከራው ከላኲላ ወደ ቴራሞ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚያልፍበት ዋሻ ጎን የተፈለፈለ በመሆኑ ተመራማሪዎቹ በመኪና ይገቡበታል፤ ከአናቱ ላይ ግን 1400 ሜትር ያህል አለት ተጭኖበታል።

ስለ ሰማይ ለማወቅ መሬት ውስጥ መግባት እንግዳ ነገር ይመስላል። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ቢግልም፣ በዚያ ሙቀት የሚራወጡት ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) በመካከላቸው ያለውን የኤሌክትሪክ ግፊያ ለመስበር የሚበቃ ኃይል የላቸውም፤ የሚዋሐዱት የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ በሚገዛው የኳንተም ሕግ መሠረት አልፎ አልፎ ግድቡን ሾልከው ሲያልፉ ብቻ ነው። ፀሐይ ነዳጇን ሳትጨርስ ቢሊዮኖች ዓመታት የቆየችው በዚህ ዝግታ ነው፤ ለኪውን የሚያስቸግረውም ይኸው ዝግታ ነው። ምድር ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ከጠፈር የሚወርደው የኮስሚክ ጨረር መመርመሪያውን ያለማቋረጥ ስለሚነካው ብርቅ የሆነው ምልክት በጫጫታው ይዋጣል። የግራን ሳሶ አለት ግን ሙዮን የተባሉትን ዘልቀው የሚገቡ ቅንጣቶች በሚሊዮን እጅ ይቀንሳቸዋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ አጸግብሮቱን በከፍተኛ ኃይል ለክቶ፣ የተገኘውን መስመር በስሌት ወደ ታች ማስረዘም ነበር። መስመሩ ባልተለካው ክፍል ድንገት ቢታጠፍስ? ከፀሐይ የሚመጡት ኒውትሪኖ የተባሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ከተጠበቀው አንሰው በተገኙበት ዘመን፣ ሁለት የሂሊየም-3 (ቀላል የሂሊየም ዓይነት) ኒውክለሶች ሲዋሐዱ የተደበቀ እጥፋት ሊኖር ይችላል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሉና ቅንጣቶችን በሚያፈጥን ትንሽ የ50 ኪሎ ቮልት መሣሪያ (አክስለሬተር) እስከ 16.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ኃይል መለኪያ) ድረስ ወርዶ ለካ፤ በዚያ ዝቅተኛ ኃይል የሚመዘገበው በወር ሁለት ክስተት ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ውጤት የተደበቀ እጥፋት እንደሌለ አሳየ።

ከኮስሚክ ጨረር ጫጫታ መጠለል ብቻውን አይበቃም። ከአክስለሬተሩ የሚወጣው የኒውክለሶች ጨረር ደካማ ስለሆነ ቀጭን መስኮት እንኳ ያስቆመዋል፤ ስለዚህ ዒላማው መስኮት በሌለው ክፍል የሚያዝ ጋዝ ይሆናል፣ የሚያመልጠውንም ፓምፖች ደረጃ በደረጃ እየሳቡ ያስወጡታል። በጋዙ ውስጥ ኒውክለሶቹ ኤሌክትሮን እየተቀባበሉ ስለሚሄዱ ቁጥራቸውን በኤሌክትሪክ ጅረት መለካት አይቻልም። መፍትሔው ሙቀት ነው፦ ጨረሩ የሚያርፍበት የብረት ገጽ በማሞቂያ 70 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ጨረሩ ሲመታው ማሞቂያው የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ ከልዩነቱም ስንት ኒውክለስ እንደደረሰ ይሰላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው በ400 ኪሎ ቮልት አክስለሬተር የተገኘው የናይትሮጅን ውጤት ነው። ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም በሚለውጡበት ዑደት እጅግ ዘገምተኛው እርምጃ ናይትሮጅን-14 ፕሮቶን (የሃይድሮጅን ኒውክለስ) የሚቀበልበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ልኬት ይህ እርምጃ ቀድሞ ከታመነበት በግማሽ ያህል እንደሚዘገይ አሳየ። በዚህ የተነሳ የጥንታውያን የከዋክብት ክምችቶች ዕድሜ ግምት ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ከፍ አለ። ከዚሁ ዑደት ከፀሐይ የሚወጡትን ኒውትሪኖዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ያገኛቸው ቦሬክሲኖ የተባለው መመርመሪያ ነው፤ እሱም የነበረው በዚያው ተራራ ሥር ነው። በዚያው ዓመት ሉና ዲዩቴሪየም የተባለው ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት ፕሮቶን ሲቀበል ያደረገው ልኬት ደግሞ በፍጥረተ ዓለም መጀመሪያ ደቂቃዎች የነበረውን የተራ ቁስ መጠን በተሻለ ጥራት ለማስላት አስችሏል።

በቻይና ጂንፒንግና በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታም ተመሳሳይ ሥራ በመሬት ውስጥ ይካሄዳል። በግራን ሳሶ ደግሞ በኤንሪኮ ቤሎቲ ስም የተሰየመ የ3.5 ሚሊዮን ቮልት አክስለሬተር ተተክሏል። ገና ያልተፈታው ከባዱ ሥራ ካርቦን-12 ሂሊየም ተቀብሎ ኦክስጅን-16 የሚሆንበትን ፍጥነት መለካት ነው፤ አንድ ኮከብ ሂሊየሙን አቃጥሎ ሲጨርስ ምን ያህል ካርቦን፣ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚተው የሚወስነው እሱ ሲሆን፣ በኮከቡ ሙቀት የሚከሰትበት ዕድል እስካሁን በቀጥታ ሊለካ ከቻለው እጅግ ያነሰ ነው።